ሰው መሃል ከፈረስ መውረድ

ጡረታ ስወጣ አጠርኩ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ገቢው ነው የሚያጥረው፤ የእኔ ግን ቁመቴም ጭምር ነው። የሥራ ዘመኔን ሙሉ መገናኛን ያየሁት ከታክሲዎቹ ጣሪያ በላይ ሆኜ ነበር። ከፈረስ ጀርባ ሲታይ ሰልፉ የት እንደሚጀምር፣ የማን እጅ የማን ቦርሳ ውስጥ እንደገባ፣ ጸብ ከየትኛው ጥግ እንደሚነሳ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሁን ወርጄ ከሰው እኩል ስቆም የሚታየኝ የፊቴ ሰው ማጅራት ብቻ ነው። ባለፈው የገርጂ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ጎረምሳ ገፍቶኝ ቀድሞኝ ገባና "ይቅርታ ማዘር፣ አላየሁሽም" አለኝ። እኔን እኮ ነው። ድሮ እንዲህ ያለው ልጅ ከኢምፔሪያል አደባባይ ማዶ ሆኖ ነበር አይቶኝ አደብ የሚገዛው።

ልጆቼ "ያየሽውን ጻፊው" ሲሉኝ እሺ ያልኩት በዚህ ብስጭት ነው። ዛሬ በየምሰሶው ካሜራ ተሰቅሏል፣ ፖሊሱም በሞተር ይበርራል። ፈረስ ለምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። አልከራከርም፤ ለክርክር ጊዜ ያለው ይከራከር። እኔ ያየሁትን ግን ካሜራው አላየውም።

ስሜ ሰዓዳ ነው። ያደግሁት ሾላ ገበያ አጠገብ ነው፤ አባቴ እዚያው በርበሬና ቅመማ ቅመም ይሸጥ ነበር። ፖሊስ የሆንኩት ቢሮ ቁጭ ብዬ የምሠራ መስሎኝ ነው። ሥልጠናውን ጨርሰን ሜዳ ላይ ተሰልፈን ሳለ ፈረሰኛ ክፍሉ ሴቶች ይፈልጋል ተባለ። አንድ መኮንን "ፈረስ የምትፈራ አንድ እርምጃ ወደፊት ትውጣ" አሉ። ሁሉም ወጡ። እኔም ልወጣ ነበር፤ ግን ጫማዬ ጠቦኝ ጎንበስ ብዬ ተረከዜን እያሻሸሁ ዘገየሁ። ቀና ስል ብቻዬን ቆሜአለሁ። "ጎበዝ" አሉኝ። ፈረሰኛ የሆንኩት እንግዲህ በጫማ ጥበት ነው።

አባቴ ሲሰማ ሚዛኑን አስቀምጦ አየኝ። "ፈረስ የባላባት ልጅ ነው የሚቀመጠው። አንቺ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ነሽ" አለኝ። ከዚያ ጥቂት አሰበና "ለመሆኑ ስትወድቂ ማን ያነሳሻል?" አለ።

ያነሳኝ ዋና ሳጅን ጉርሜሳ ነው። ብዙ ጊዜ ነው ያነሳኝ። ከሰንዳፋ ማዶ የመጣ፣ ቀጭን፣ እግሮቹ እንደ ቅንፍ የተለመጡ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህል አሠልጣኛችን ነበር። እኛ ጋሽ ጉርሜሳ ስንለው አለቆቹ ግን "አባ ይረጋል" ነበር የሚሉት። ይረጋል የፈረሱ ስም ነው። ድሮ በአገራችን ስመ ጥር ፈረሰኛ በገዛ ስሙ ሳይሆን በፈረሱ ስም "አባ እንትና" ተብሎ ይጠራ እንደነበር ማንም ያውቃል። ይህ ልማድ በእኛ ክፍል አልሞተም ነበር። ግን በማዕረግ አይመጣም፤ ራስም ለራስ አያወጣውም። የፈረስ ስም የሚያወጣልህ እሱ ራሱ የፈረስ ስም ያለው ሰው ብቻ ነው። እኔ ስገባ በክፍላችን በፈረሱ ስም የሚጠራው ጋሽ ጉርሜሳ ብቻ ነበር። ለሌላ ሰው ሲያወጣ አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

ጠዋት ሲገባ ከሰው በፊት ፈረሱን ሰላም ይላል። መዳፉን ከይረጋል አፍንጫ ሥር ዘርግቶ ዝም ብሎ ይቆማል። ፈረሱ መዳፉ ላይ እስኪተነፍስለት ድረስ ኮማንደር ቢመጣም ዞር አይልም። "ሳያስገባኝ እንዴት እገባለሁ?" ይላል። ፈረሱ ሳይበላ አይበላም። ኮርቻ ላይ ሆኖ አያወራም፤ በእጁ ነው የሚያዘን። ሲናደድ አይጮህም፤ ጎንበስ ብሎ የአንዱን ፈረስ ኮቴ መጥረግ ይጀምራል። ለጥበቃ ከመውጣታችን በፊት ደግሞ የምንሄድበትን መንገድ ቀድሞ በእግሩ ይሄድበታል። አንድ ቀን የመንገዱን የብረት ክዳኖች በጫማው እያሻሸ ሲሄድ አይቼው ምን እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። "የፈረስ ጫማ ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። የት የት እንዳሉ ልወቅ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦሌ ውስጥ ክዳን ሳልቆጥር አልፌ አላውቅም፤ ዛሬም በእግሬ ስሄድ እዞራቸዋለሁ።

ትምህርቱ የሚገርም ነበር። ግልቢያ የምንማር መስሎን ስንጓጓ እሱ መጥረጊያና ባልዲ ሰጠን። ከዚያ ያለ ኮርቻ አስቀመጠን። ከዚያ ይባስ ብሎ እሑድ ጠዋት መገናኛ ወስዶ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ፈረስ ላይ አቆመን። ባቡሩ ከላይ ያልፋል፣ ታክሲው ጥሩምባውን ይነፋል፣ ረዳቱ ይጮሃል። አብሮኝ የሠለጠነው ደረጀ "ጋሼ፣ ምን እንሥራ?" አለው።

"ቁሙ።"

"ቆመን ምን እናድርግ?"

"መቆም አነሰህ? መጋለብማ ፈረሱም ያውቃል" አለ። እስከ እኩለ ቀን ቆምን። ያን ቀን እግሬ ደንዝዞ ስወርድ ወደቅሁና አነሳኝ።

ለእኔ የደረሰኝ ፈረስ መልኩ ዳማ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀይ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለችው። ከገጠር የመጣ፣ መልኩ ያማረ፣ ግን ሁሉን የሚፈራ። ነፋስ ያነሳው ፌስታል ሲያይ አገር ይያዝልኝ ይላል። ስም ሲወጣለት ጋሽ ጉርሜሳ ሲቅበጠበጥ ጥቂት አይቶት "ቻለው በሉት። ሲጠራ ሲጠራ ይሰማል" አለ። አጥሩ ላይ ፌስታል ሰቅለን አጠገቡ ገብስ አበላነው። ገብሱን ሲበላ ከበሮ መታንለት፣ ጃንጥላ ከፈትን፣ የቆርቆሮ ጣሳ አንኮሻኮሽን። የሚፈራውን ነገር ሁሉ ከምሳ ጋር አቀረብንለት። ሾላ ገበያ ስወስደው ግን በበርበሬ መደብ በኩል ስናልፍ አንዴ ሲያነጥስ የአባቴን ጎረቤት ነጋዴ ሙሉ ለሙሉ አጠበው። አባቴ በሃፍረት አንገቱን ደፋ። ማታ ቤት ስገባ ግን ለእናቴ "ፈረሱ ከእኔ መደብ ሲደርስ አላነጠሰም" እያለ ሲኩራራ ሰማሁት።

ፈረስ ምን እንደሆነ የገባኝ ኢምፔሪያል ላይ ነው። ከሥራ መውጫ ሰዓት ነበር፤ ዝናቡ ይወርዳል፣ ታክሲ የለም፣ ሕዝቡ ከመንገዱ የብረት አጥር ጋር ተጣብቋል። ከኋላ የሚመጣው ይገፋል፣ ከፊት ያለው ይጮሃል። ከላይ ሆኜ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ብረቱ ላይ ተለጥፋ አየኋት፤ አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም። እግረኛ ፖሊሶች በጉልበት ሊገቡ ሞክረው ተመልሰው ተተፉ። ጋሽ ጉርሜሳ እጁን አንስቶ እኛን አቆመንና ይረጋልን በጎን ማራመድ ጀመረ። በጎን ነው የምላችሁ፤ ትከሻውን አስቀድሞ፣ እግሩን እያሻገረ፣ አንድ አንድ እርምጃ። በአለንጋ የነካው ሰው የለም፣ ክፉ ቃል አልወጣውም። ያ ሁሉ ሰው ፊቱ ላይ ያን ትልቅ ትንፋሽ ሲሰማ ዞር አለና ቦታ ለቀቀ። እግሩ ሥር ሌላ ሴትዮ ወድቃ ነበር፤ ይረጋል አንድ እግሩን አንጠልጥሎ እስክትነሳ ጠበቃት። ነፍሰ ጡሯ በይረጋል ደረትና በብረቱ መካከል በተከፈተው ቦታ በራሷ እግር ወጣች። እኔ ልጓሜን እንደያዝኩ እንባዬ ከዝናቡ ጋር ይወርድ ነበር። ሱብሃነላህ አልኩ። ይህን ያህል ጉልበት ያለው ፍጥረት ይህን ያህል ሲጠነቀቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ከሁሉ የከበደች አንዲት ደንባችን ነበረች። ሰው መሃል አይወረድም። ምንም ቢመጣ ፈረሰኛ ሕዝብ መሃል ከኮርቻው አይወርድም። የምንወርደው ጋጣው በር ላይ ስንደርስ ነው። እዚያ እንወርዳለን፣ የኮርቻውን ማሰሪያ እናላላለን፣ ገብስ እንሰጣለን። ለዓመታት ሳናጓድል እንዲህ ነበር የምናደርገው። ሁለተኛዋ ደንብ መሪው ያደረገውን ሳትጠይቅ አድርግ የምትል ነበረች።

አንድ የጥምቀት ቀን ሁለቱን ደንቦች አጋጫቸው። ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀት ሲመለስ ከገርጂ ወደ ኢምፔሪያል በሚወስደው መንገድ ከፊት ሆነን መንገድ እናስከፍታለን። ከኋላችን ምንጣፍ የሚያነጥፉ ወጣቶች አሉ፤ ታቦቱ ያለፈበትን ቀይ ምንጣፍ እየጠቀለሉ፣ በትከሻቸው ተሸክመው ወደፊት ይሮጡና እንደገና ይዘረጉታል። ከእነሱ ኋላ መዘምራኑ፣ ካህናቱ፣ ጥላው፣ ታቦቱ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን በዚህች ከተማ አድጎ ያ እልልታ ሲነሳ ጸጉሩ የማይቆም ሰው አላውቅም።

መንገዱ መሃል ታቦቱ ቆመ። አንዳንዴ ይቆማል፤ ምእመናኑ ምክንያቱን እግዚአብሔር ያውቃል ይላሉ። ሕዝቡ እንዳለ ተንበረከከ። ከበሮው ዝም አለ። በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ ከፍ ብለን የቆምነው እኛ ፈረሰኞቹ ብቻ ነበርን። ጋሽ ጉርሜሳ ዞሮ አየ። ታቦቱ ቅርብ ነበር። ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያም ወረደ። ኋላ ላይ እንደነገረኝ አያቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ በፈረስ ተቀምጠው አያልፉም ነበር፤ እሱም በልጅነቱ የተማረው ይህንኑ ነው። "እግሬ ነው የወረደው፣ እኔ አልወሰንኩም" አለኝ።

መሪው ስለወረደ እኛም ወረድን። ይረጋል ቆመ። የነደረጀም ፈረሶች ቆሙ። ቻለው ግን እግሬ መሬት ሲነካ ጆሮውን አቆመና ጭንቅላቱን ወደ ጋጣው አቅጣጫ አዞረ። ዛቡን፣ የልጓሙን ጠፍር ማለት ነው፣ ሳብኩ፤ ሳበኝ። በተንበረከከው ሕዝብ መካከል እየጎተተኝ ሄደ። ሰው በጉልበቱ ሆኖ በፍጥነት መሸሽ አይችልም። አንድ ምንጣፍ አንጣፊ ወጣት ጥቅሉን በትከሻው ይዞ ጀርባውን ሰጥቶን ተንበርክኮ ነበር። የቻለው ኮቴ እግሩ ላይ አረፈ። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት። ያኔ ነው ዛቡን የለቀቅሁት፤ ወጣቱ ላይ ወድቄ በገላዬ ከለልኩት።

ቢኒያም ይባላል። መገናኛ ሞባይል የሚጠግን፣ ለእናቱ አንድ ልጅ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሰው ሁሉ "ያበደ ፈረስ" አለ፤ እኔም ያበደ መስሎኝ፣ ወጣቱን ሰዎች ካነሱት በኋላ እያለቀስኩ ተከትዬው ስሄድ ጋጣው በር ላይ አገኘሁት። ልጓሙ እንዳለ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ገብሱን ይጠብቃል። ጋሽ ጉርሜሳ ደርሶ መዳፉን ከኮርቻው ሥር አስገባ፣ ደረቱን ዳበሰ፣ እጁን አይቶ አሳየኝ። ደረቅ ነበር።

"የፈራ ፈረስ ያልበዋል" አለ። "ይሄ አልፈራም ሰዓዳ። ሥራ አለቀ ብሎ ነው ቤቱ የመጣው።" ከዚያ አንዱን ባልዲ ገልብጦ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ኮማንደሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ሰው ተጎድቷል፣ ከተማው ሁሉ ያወራል። ሰብስበውን "ፈረሱ ይሰናበታል። ጋሪ የሚፈልግ ይግዛው" አሉ። በጋሪ የሚሠራ ፈረስ አይታችሁ ከሆነ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጀርባው ቆስሎ፣ ጎኑ አጥንት ሆኖ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይወድቃል። ቻለው እንደዚያ ሲሆን በዓይኔ መጣብኝ። ጋሽ ጉርሜሳ ተነሳ።

"ጌታዬ፣ ፈረሱ ትእዛዝ ነው የፈጸመው። ሰው ሲወርድ ሥራ አለቀ ብለን ያስተማርነው እኛ ነን። ደንቡን አውጥቼ ደንቡን ያፈረስኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የሚሰናበት ካስፈለገ እኔ አለሁ።"

ያ ሁሉ ሰው ፊት ነው ይህን የተናገረው። ኮማንደሩ "አባ ይረጋል፣ አንተማ ጡረታህም ደርሷል። ልጅቷ እስከሚመጣው ጥምቀት ታስተምረው። መጀመሪያ እኔ ራሴ አየዋለሁ፤ ካመንኩ በዚያው መንገድ ይወጣል። ያኔ ያለ ትእዛዝ አንድ እርምጃ ከተራመደ በማግስቱ ጋሪ ይጎትታል። እሷም ወደ ቢሮ ትሄዳለች" አሉ።

ቢኒያምን ልንጠይቅ ከጋሽ ጉርሜሳ ጋር ቤቱ ሄድን። እናቱ በሩን ከፈቱልን እንጂ ግቡ አላሉንም፤ ራሳችን ገባን። ጋሽ ጉርሜሳ ያመጣውን ማር አስቀምጦ ይቅርታ ሲጠይቅ ወጣቱ በጄሶ የታሰረ እግሩን እያየ አዳመጠ። ከዚያ ፈረሱን ምን እንዳደረግነው ጠየቀ። ነገርኩት።

"አባባ፣ እኔ እርስዎን አልቀየምም፤ ለታቦት ነው የወረዱት" አለ። "ያን ፈረስ ግን ድጋሚ ማየት አልፈልግም። የእናንተ ጉዳይ ነው፤ ብቻ እኔ ባለሁበት አይምጣ።" እግዜር ይማርህ ብለን ወጣን።

ያን ዓመት የሠራሁትን ያህል በዘመኔ ሠርቼ አላውቅም። ያስተማርነውን ገልብጠን ማስተማር ነበረብን። ገብሱን ኮርቻ ላይ ሆኜ ጎንበስ ብዬ በእጄ አበላው ጀመር። ስወርድ ምንም የለም፤ ገብስም፣ ቤትም፣ ማሰሪያ ማላላትም የለም። ወርጄ ዛቡን መሬት ላይ እጥልና እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ያኔ ይበላል። ጋሽ ጉርሜሳ ጡረታ ከወጣ በኋላም በየጠዋቱ በእግሩ እየመጣ አጥሩን ተደግፎ ያይ ነበር። "ወደ ኋላ አትዪ። ካየሽው ያመንሽው አይመስለውም" ይለኛል።

መጀመሪያ ሰሞን ሾላ ገበያ ላይ ወርጄ ዛቡን ስጥል ቻለው ዘወር ብሎ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። እኔ ቆቤን በእጄ ይዤ በሽንኩርቱ መሃል ከኋላው ስሮጥ የገበያው ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። "ፖሊሷን ፈረሷ ጥሏት ሄደ፣ ለማን ትከሰው?" አሉኝ። አባቴ ከመደቡ ተነስቶ በዚያ ዕድሜው አብሮኝ ሮጠ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እዚያው ቦታ ወስጄው ወረድኩ። የገበያው ሰው ለመደንና ልክ ስወርድ ሁሉም ሥራውን አቁሞ ቻለውን ያይ ጀመር፤ አንድ ቀን ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ሽንኩርት ሻጮቹ እልል አሉለት። በእልልታውም አልተንቀሳቀሰም።

ኮማንደሩ ሊያዩት የመጡት መገናኛ ላይ ነው። ክረምት ነበር። ወርጄ ዛቡን ጣልኩና ወደ ኋላ ሳላይ ተራመድኩ። ሰማዩ ተቀደደ፤ መብረቅ፣ በረዶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ይሮጣል፣ ታክሲዎች ይጮሃሉ። አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ገባሁ፤ መታገስ ግን አልሆነልኝም፣ ዞርኩ። ቻለው ባዶው አስፋልት ላይ ብቻውን ቆሟል። በረዶው ኮርቻው ላይ ይዘላል፣ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ሁለት ጆሮው ግን ወደ እኔ ነው። ከአጠገቤ የቆሙት ኮማንደር ቆባቸውን አውልቀው ሲያዩት ቆዩ። "ሄደሽ ውሰጂው በቃ" አሉ። እኔ ምን አድርጌ ይህን አገኘሁ እያልኩ ነው ወደ እሱ የሮጥኩት።

ጥምቀት ደረሰ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰልፍ ወጣን። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ ታቦቱ ቢቆምም ቆብ አውልቀን ጎንበስ እንላለን እንጂ አንወርድም። ኢምፔሪያል ሳንደርስ፣ ምእመናኑ እንደሚሉት እግዚአብሔር በሚያውቀው ምክንያት፣ ታቦቱ ቆመ። ሕዝቡ ተንበረከከ። ፈረሶቹን ወደ ታቦቱ አዙረን ቆባችንን አወለቅን፤ ቻለው ሥሬ ዝም ብሎ ቆመ። እኔ በልቤ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እያልኩ ነበር።

ከዚያ ታቦቱ ሊነሳ ሲል ምንጣፍ አንጣፊዎቹ ጥቅሉን ይዘው ወደፊት ሮጡ። የፊተኛው ወጣት ትንሽ ያነክሳል። ቢኒያም ነበር። ምንጣፉን ከፍቶ እየገፋ መጣና ቀና ሲል ቻለውን አየው። ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ ያወቃት ይመስለኛል፤ እዚያው በጉልበቱ እንዳለ ደረቀ። ጓደኞቹ ቢጎተጉቱት አልተነሳም። ምንጣፉ ካልተዘረጋ ካህናቱ አይራመዱም፤ ቻለውን ወደ ኋላ እንዳልወስደው ከኋላዬ የተንበረከከ ሕዝብ ሞልቷል። ሁሉም ይጠብቃል።

ኮማንደሩ ማዶ ቆመው እያዩኝ ነበር። አውቃለሁ፤ አንድ እርምጃ ብቻ ብትሆን ቻለው ለጋሪ ነው። ግን ያን ልጅ በዚያ ሁኔታ ከላይ ሆኜ ማየት አልቻልኩም። ወረድኩ። ዛቡን መሬት ላይ ጣልኩና ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ቢኒያም ሄድኩ። ከምንጣፉ ዳር ተንበረከክሁ።

"ከሄደስ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አይሄድም።"

"ባለፈው ጊዜ ሄዷል።"

"ባለፈው አላስተማርነውም ነበር። አንተ እሱን እይልኝ፤ እኔ ዞሬ አላየውም።"

ዓይኑን አንስቶ ከኋላዬ በቆመው ቻለው ላይ ተከለ። እኔ የቻለውን ሁኔታ የማነበው ከቢኒያም ፊት ላይ ነበር። ምንጣፉን በጉልበቱ ገፋ፤ እኔ ከዳር ዳር እየተንፏቀቅሁ አብሬው ሄድኩ። ጥቅሉ ከኮቴው ፊት ሲደርስ ከላዬ ያ ሞቃት ትንፋሽ ተሰማኝ። ቻለው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ እግሩ ግን ካቆምኩት ቦታ አልተነቃነቀም። ቢኒያም ሳያስበው መዳፉን ከአፍንጫው ሥር ዘረጋ። ቻለው ተነፈሰለት። ቢኒያም እጁን አልሰበሰበም። ከዚያ ምንጣፉን በቻለው ጎን አዙሮ ዘረጋውና እያነከሰ ወደፊት ሄደ።

እኔ ግን መነሳት አቃተኝ። ያን ጊዜ ከተንበረከከው ሕዝብ መሃል አንድ ነጠላ የለበሰ ቀጭን ሽማግሌ ቀና አለ። ኮርቻ ላይ ሳለ ለአንድ ቀን እንኳ ድምፁን ያልሰማነው ሰው ነው፤ ድምፁ እስከ ኮማንደሩ ድረስ ተሰማ።

"አባ ቻለው።"

የተጠራው ማን እንደሆነ ለማየት ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ደረጀ ከፈረሱ ላይ ሆኖ በዓይኑ ወደ እኔ ጠቆመኝ።

"አቤት" አልኩ።

"ኮርቻሽ ላይ ውጪና መንገዱን ክፈቺ" አለኝ ጋሽ ጉርሜሳ። "ታቦቱ ተነሥቷል።"